የእንጨቱ ጠባይ

አባቴን ያሳሰራቸው በር ነው። በር ሰው ያሳስራል ወይ? ያሳስራል እንጂ! በዚያ ዘመን ምን የማያሳስር ነገር ነበር?

ለዐሥረኛው የአብዮት በዓል ይድረስ ተብሎ ከመራዊ ወዲያ አንድ ጤና ጣቢያ ተሠራ። ዐሥራ ሁለት በሮቹን እንዲያቀርብ የታዘዘው ባሕር ዳር ያለው፣ አባቴ አናጢ አምሐ የሚሠሩበት የእንጨት ሥራ ማኅበር ነበር። ዋንዛና ጥድ መቁረጥ ተከልክሏል። ስለዚህ መንግሥት ካስተከለው ደን ባሕር ዛፍ በካሚዮን ተጭኖ መጣ፤ ቅጠሉ እንኳ ገና አልጠወለገም። ባሕር ዛፍ ደግሞ አመለኛ ነው። እርጥቡን የገጠሙት እንደሆነ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ እንዳኮረፈ ሰው ፊቱን ያዞራል። በሮቹ በነሐሴ ተገጠሙ፤ በመስከረም ተመረቁ፤ ተጨበጨበ። በታኅሣሥ ደረቁ ነፋስ መጣ። በጥር መጀመሪያ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከአዲስ አበባ ሊጎበኝ ቢመጣ በሩ አልከፈት አለ። ገፉት፤ እምቢ። በእግራቸው መቱት፤ እምቢ። በመጨረሻ ባለሥልጣኑን ባርኔጣውን አስወልቀው በመስኮት አስገቡት። እዚያ ብኖር ኖሮ በሳቅ ሞቼ ነበር።

በማግሥቱ ግን ሳቅ የለም። አባቴን ከመላጊያቸው ላይ አንሥተው ወሰዷቸው። ክሱ አሻጥር ነው፤ "አብዮቱን ለማዋረድ ሆን ብሎ ጠማማ በር ሠርቷል" የሚል። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ለጎረቤት እንኳ የሚወላገድ በርጩማ ሰጥተው አያውቁም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

የመሰከረባቸው የማኅበሩ ሊቀመንበር አስናቀ ነው። መሮና መጋዝ የማይለይ ሰው! ስብሰባ ላይ መጮኽ ስለሚችልበት ብቻ የአናጢዎች አለቃ ሆነ። ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል። እርጥቡን እንጨት "ግጠሙ" ብሎ ያዘዘው እሱ መሆኑን ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። ልጅ ያለው ልጁን አሰበ፤ ልጅ የሌለው ራሱን አሰበ። አልፈርድባቸውም። ኧረ እፈርድባቸዋለሁ!

እኔ ሰገነት ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርሁ። እናቴ ቀደም ብላ ዐርፋለች። ሹም አቦ ሰፈር ባለችው ቤታችን የምንኖር እኔና አባቴ ብቻ ነን። ሦስት ቀን አለቀስሁ። በአራተኛው ቀን ነጠላዬን አጣፋሁና መርማሪው ቢሮ ገባሁ።

መርማሪው ጓድ ሣህሉ ይባላል። ድምፁ ቀስ ያለ፣ መነጽሩን ሲጠርግ የሚውል ሰው ነው። እኔ ጯሂ አልፈራም፤ የምፈራው እንዲህ ያለውን ነው።

"ፋይሉ ተዘጋጅቷል" አለኝ። "ለልዩ ፍርድ ቤት ይተላለፋል።"

ያ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ወደዚያ የተላከ ወይ ዐሥር ዓመት ይቆያል፣ ወይ አይመለስም።

"በሩ የተጣመመው በእንጨቱ ጠባይ ነው እንጂ በአባቴ ተንኮል አይደለም" አልሁት።

"እንጨት ምስክር ሆኖ ይቆማል?"

"ጊዜ ይስጡኝ፤ አቆመዋለሁ። ከዚያው ደን እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሰጠኝ። ሁለት በር እሠራለሁ፤ አንዱን እንዳለ፣ አንዱን በኬሚካል አክሜ። እንዳለ የተሠራው ይጣመማል፤ የታከመው ቀጥ ይላል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያኔ በዓይንዎ ያያሉ።"

መነጽሩን አድርጎ አየኝ። "እስከ ሚያዝያ ማብቂያ። ካልሆነ ፋይሉ ይሄዳል። የመንግሥት እንጨት አባክነሽ ከሆነ ደግሞ አንቺም አብረሽ ትሄጃለሽ።"

"እሄዳለሁ" አልሁት። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

እውነቱን ልናገር፤ ነገሩን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር እንጂ በእጄ ሠርቼው አላውቅም። እንጨት የሚኮማተረው ውስጡ ያለው ውኃ ስለሚወጣ ነው። አንዱ ጎን ከሌላው አብልጦ ሲጨማደድ ጣውላው ይጣመማል። ገና እርጥብ ሳለ ሌላ ነገር ቢያጠጡት ግን ውኃው ሲወጣ ያ ነገር በቦታው ይቀራል፤ እንጨቱም አይሸሽም። ጥያቄው ምን ይጠጣ ነው። መጽሐፉ ብዙ ስም ይደረድራል። እኛ ገበያ ያለው ጨው ነው።

አንድ ጆንያ ጨው ገዛሁ። በበርሜል ውኃ በጠበጥሁና ለሙከራ ጥቂት ጣውላ ነከርሁበት። ከሳምንት በኋላ አውጥቼ ጥላ ውስጥ ባደርቀው ቀጥ አለልኝ! ብቻዬን እልል አልሁ። ከዚያው ጣውላ ለማድ ቤታችን ትንሽ በር ሠርቼ ሰቀልሁ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አንዳች ነገር ሲፋቅ ሰምቼ ብወጣ፣ የጎረቤታችን የእትዬ አገርነሽ ላም ቡሪት በሬን ትልሳለች። ዐይኗን ጨፍና!

"እትዬ አገርነሽ፣ ኧረ ላምዎ በሬን ጨረሰችው!"

ብቅ ብለው አዩና፣ "ውይ ልጄ፣ ለበሩ አሞሌ የሚያለብስ ሀብታም ጎረቤት እንዳለኝ መች ዐወቅሁ!" አሉኝ።

ላሟስ ትባረር። የባሰው ሌላ ነው። ጨው የጣናን የንጋት እርጥበት እየሳበ ያልበዋል። ወር ሳይሞላ ምስማሩ ሁሉ ዝጎ በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ፤ ማጠፊያውም ወለቀ። "ጨው እንጨቱን ያቀናል፣ ብረቱን ይበላል" ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍሁ። ከተሰጠኝ ጊዜ ላይ አንድ ወር ከነጨው ሄደ።

ያዳነኝ አብሮ አደጌ አለበል ነው። ክር የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። እዚያ ክር የሚያለሰልሱበት፣ ሰም የመሰለ፣ በሙቅ ውኃ የሚሟሟ ነገር አለ። ስሙ ረዥም ስለሆነ እኛ "ሰሙ" ነበር የምንለው። ጊዜው አልፎበት የተጣለ ሁለት በርሜል አሳየኝና፣ "ውሰጅው፤ ግን እኔ አላየሁሽም" አለኝ። መጽሐፉ ውስጥ ብፈልገው አለ! እንጨቱ ውስጥ ገብቶ የውኃውን ቦታ ይይዛል፤ ብረት አይበላም፤ ላም አይጠራም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮሌጁ ጓሮ በርሜሉን ለብ እያደረግሁ ጣውላዎቹን ነከርሁ። የእጄ ቆዳ ተላጠ። መምህራኑ "ሰገነት አበደች" ይሉ ነበር፤ ልክ ናቸው።

ሁለቱን በር የገጠምሁት ራሴ ነኝ፤ የአናጢ ልጅ ነኝና። እንዳላጭበረብር ይጠብቀኝ ተብሎ አስናቀ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። የአንዱ ጣውላ ጫፍ ተሞርዶ በሌላው ጎድጓዳ ውስጥ የሚገባው አለ፤ ምላስ እንለዋለን። ኮላ ተቀብቶ፣ ተመትቶ ከገባ ወዲያ በሩ ካልተሰበረ አይወጣም። አባቴ በልጅነታቸው ዘጌ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። የማንኛውንም በር ምላስ ከማስገባታቸው በፊት እንጨቱ የተቆረጠበትንና የተገጠመበትን ቀን በግእዝ ቁጥር ይጽፉበታል። "ማን ሊያየው?" ስላቸው፣ "በሩ ይወቀው" ይሉኝ ነበር። እኔም እንደሳቸው ጻፍሁ። አስናቀ ምን እንደምሠራ እንኳ አልገባውም፤ ያዛጋ ነበር።

ስንቅ ሳደርስ ለአባቴ ሁሉን አጫወትኋቸው። የእስር ቤቱ በር ራሱ ጠማማ ነበር፤ በሽቦ ነው የሚታሰረው። እኔና አባቴም የምንነጋገረው በዚያው በተጣመመው ክፍተት ነው። ከስተዋል፤ ጢማቸው ነጭ ሆኗል። እስኪያልቅ ሰሙኝና፣ "ልጄ፣ አንድ ነገር ዘንግተሻል" አሉኝ።

"ምን?"

"ሁለቱም ቢጣመሙ አሻጥረኛ ነኝ። የታከመው ቀጥ ቢልስ? 'ቀጥ ማድረግ እየተቻለ ለምን አላደረገም' ይላሉ። ያኔ ደግሞ ዐውቄ ያጠፋሁ ሆንሁ።"

ሦስት ወር ሙሉ ላባቴ ገመድ ስገምድ ከርሜ ኖሯል! "ታዲያ ምን ላድርግ? ልተወው?"

"መተው የለም፤ ሥሪው" አሉኝ። ዘበኛው አጠገባችን ቆሟል። "ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነው። ብቻ የዚያን ቀን የኔንም በር አስመጪው። ጎን ለጎን ይቁሙ።" ይህን ብለው በክፍተቱ እጃቸውን አውጥተው የተላጠውን እጄን ያዙት።

ሚያዝያ ሃያ ስምንት ቀን ሠራተኛው ሁሉ ማኅበሩ ግቢ ተሰበሰበ። ሣህሉ መጣ። አባቴን በሁለት ዘበኛ አመጧቸው። ባሕር ዳር በሚያዝያ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል፤ ሁለቱ በሮች ፀሐይ ላይ ሁለት ሳምንት ተሰቅለው ከርመዋል። በሦስተኝነት ከጤና ጣቢያው የመጣው የአባቴ በር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሣህሉ በየበሩ ላይ ከማዕዘን ማዕዘን ሲባጎ አስወጠረ። ያልታከመው አራት ጣት ያህል ተጣሟል፤ መሐሉ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። የታከመው ላይ ሲባጎው ከጫፍ ጫፍ ተኝቷል። አንዱ ሠራተኛ ማጨብጨብ ጀምሮ አስናቀን አየና እጁን ኪሱ ከተተ።

አስናቀ ተነሣ። ፈገግ ብሏል። "ጓድ ሣህሉ፣ ጓዲት ሰገነት ሥራችንን አቀለለችልን። ቀጥ ያለ በር መሥራት ይቻላል ማለት ነው! ታዲያ ይሄ ሽማግሌ ለምን አልሠራም? አልቻለም ሳይሆን አልፈለገም!"

ሣህሉ ጻፈ። አባቴ አስቀድመው የነገሩኝ ቃል በቃል! "በሩ ይወቀው" ይሉኝ የነበረው ትዝ አለኝ።

"ጓድ ሣህሉ፣ ሁለት በር አይተዋል፤ ሦስተኛው ቀርቷል" አልሁና ከአንዱ አናጢ እጅ መሮና መዶሻ ነጠቅሁ።

"ምን ልታደርጊ ነው? የመንግሥት ንብረት ነው!" ብሎ አስናቀ ጮኸ።

"አይከፈትም ተብሎ የታሰሩበት በር አይደል? እኔ እከፍተዋለሁ!"

መሮውን መጋጠሚያው ላይ ተክዬ መታሁ። እንደገና መታሁ። የነሐሴ ኮላ ተንጣጣ፤ ምላሱ ተሰንጥቆ ወጣ። የአባቴ የእጅ ጽሑፍ ዛሬ የተጻፈ ይመስላል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት።

"ሐምሌ ፲፱ ተቆረጠ። ነሐሴ ፩ ተገጠመ። እርጥብ ነው፤ ይጣመማል፤ ይቆይ ብዬ ለአስናቀ ነገርሁት። 'ለመስከረም ፪ ካልደረሰ ትታሰራለህ' አለኝ። አምሐ።"

አስናቀ፣ "ትናንት የጻፈው ነው!" አለ።

"ኮላው ውስጥ ገብቶ?" አልሁት። "አንተ እስቲ የተዘጋ በር ውስጥ ገብተህ ጻፍ! አሁንም ካላመንህ መራዊ ዐሥራ አንድ ይቀራል። ሁሉንም ልክፈተው?"

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላ ሳቀ። ያ ሁሉ ዝም ያለ ሠራተኛ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይስቅ ጀመር። አባቴ አልሳቁም፤ አስናቀን ቀና ብለው ያዩታል። ሣህሉ ምላሱን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ከተተና ሰውን በተነ።

በሳምንቱ አባቴን ፈቷቸው። የሰጧቸው ወረቀት ቁጥርና ማኅተም አለው፤ እንዲህ ይላል፦ "ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የእንጨቱ ጠባይ ነው።" ከታች የሣህሉ ፊርማ። የማንም አይደለም! አስናቀ በሊቀመንበርነቱ ቀጠለ። ምላሱ የት እንደገባ ሣህሉና ፈጣሪ ያውቃሉ። እኔ ወረቀቱን ልቀደው ስል አባቴ ከእጄ ወስደው አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ አስቀመጡት። "ይቀመጥ፤ ያገለግላል" አሉ።

ይኸኔ ነው እንግዲህ ጉዱ የመጣ። ግንቦት ላይ ሣህሉ ራሱ ሹም አቦ ድረስ መጣ። ወንበር ሰጠሁት። መነጽሩን ጠረገ።

"የእስር ቤቱ በር ተበላሽቷል" አለ። "በሽቦ መታሰሩ አሳፋሪ ነው። ያንን የማይጣመመውን በር ሥሩልን።"

አባቴ አራት ወር የታሰሩበት በር! ለዚያ ነው እጄ የተላጠው? "አልሠራም!" ልል አፌን ስከፍት አባቴ ቀደሙኝ።

"እሺ፣ እንሠራለን" አሉ።

ሣህሉ እንደወጣ ጮህሁባቸው። በሕይወቴ አባቴ ላይ የጮህሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "እርስዎን የቆለፉበትን? እንዲጠብቅላቸው ነው?"

"እምቢ ብንል ነገ ተመልሼ ያው በር ሥር ነኝ፤ አንቺም ጎኔ ነሽ። እንጨቱን የምትነክሪ ግን አንቺ ነሽ፤ እኔ ኬሚካል አላውቅም" አሉኝና መላጊያቸውን ይስሉ ጀመር።

ኮሌጁ ጓሮ ሄድሁ። የተረፈው ሰም ለአንድ በር ይበቃል። ቆሜ አየሁት። ከጎኑ የጨው ጆንያ አለ፤ ግማሹ ገና አልተነካም። ደብተሬን ገለጥሁ። ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ ጆንያውን እንዳለ በርሜሉ ውስጥ ገለበጥሁት።

ጣውላው ደርቆ ሲመጣ አባቴ በመዳፋቸው ዳበሱት። ጣታቸውን ወደ ምላሳቸው ወሰዱ፤ ቀመሱ። ቀና ብለው አዩኝ። "ምስማሩ እንዳያንስ" አሉ። "ብሎን አንጠቀምም፤ ማጠፊያውም ሁሉ በቀጭን ምስማር ይሁን።" ምላሱን ከማስገባታቸው በፊት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ አንዳች ነገር ጻፉበት፤ አላሳዩኝም። ሰኔ ላይ በሩ ተሰቀለ። ሣህሉ ሲባጎ ወጠረበት፤ ቀጥ ያለ ነው። አመሰገነን!

ክረምቱ ገባ። የዚያን ዓመት ዝናብ እግዜር ይስጠው። መስከረም ሁለት፣ የአብዮቱ በዓል ዕለት፣ ዘበኛው ሰልፉን ለማየት ወደ አደባባይ ብቅ ብሏል። ቡሪት በእስር ቤቱ ደጅ ወደ ግጦሽ ስታልፍ ሸተታት መሰለኝ፣ ግቢው ገባችና በሩን ትልስ ጀመር። ስትደገፈው በሩ ከነማጠፊያው ወደ ውስጥ ወደቀ። ውስጥ ስምንት እስረኞች ነበሩ። አምስቱ ላሟን በጎኗ አልፈው ወጡ፤ እስከ ዛሬ አልተያዙም። ሦስቱ "የት እንሄዳለን" ብለው ቀርተው ላም ሲያባርሩ ዘበኛው ደረሰ።

ከሰዓት በኋላ ሣህሉ በሩን በጋሪ አስጭኖ ደጃችን አወረደው። አራት ወታደር አስከትሏል። የዛገውን ምስማር በጣቱ ፈረፈረው። "ይኼስ አሻጥር ነው" አለ፤ ድምፁ አሁንም ቀስ ያለ ነው። "አባትና ልጅ ሆናችሁ ሠርታችሁታል። እንዲያውም ማስረጃውን የት እንደምታስቀምጡት ዐውቃለሁ።"

አባቴ መሮውን አነሡና በእጀታው በኩል አቀበሉት። "ይክፈቱት፣ ጌታዬ" አሉት።

እኔ የጻፉትን አላውቅማ! እውነት የሚጽፉት ምላስ ላይ ነው፤ "ሰገነት በጨው ነከረችው" ብለው ጽፈው ቢሆንስ? ሣህሉ መታ፤ በሩ ተከፈለ። ምላሱን አውጥቶ መነጽሩን አስተካክሎ አነበበ። አላነበበልንም። ፊቱ ግን ቀላ፣ ቀጥሎም ነጣ። አንገቴን አስግጌ አየሁት። ከነወረቀቱ ቁጥር፣ በአባቴ ቁም ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦

"ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የእንጨቱ ጠባይ ነው። ፊርማ፣ ጓድ ሣህሉ።"

"ወረቀቱ ዳዊቴ ውስጥ አለ" አሉት አባቴ። "ከፈለጉ አብረን ይዘነው እንሂድ። ያ ቃል ሐሰት ነው ካሉ የመራዊውም በር እንደገና ይከፈታል፤ አስናቀን ማን እንደሸፈነው ይጠየቃል። እውነት ነው ካሉ ደግሞ እንጨት ያው እንጨት ነው።"

ሣህሉ ዞር ብሎ ወታደሮቹን አየ። ወታደሮቹ ያዩታል። ምላሱን መሬት ላይ ጣለና ወደ መኪናው ሄደ። ሊገባ ሲል ዘወር አለ።

"ከእንግዲህ ከብረት እናሠራለን" አለን።

አባቴ መኪናው እስኪርቅ እጅ ነሥተው ቆዩ። ከዚያ ምላሱን አንሥተው አቧራውን አራገፉና ሰጡኝ።

"ሰገነት፣ ከጨዉ የተረፈ አለ?" አሉኝ።